የሮሐ አባት

ወጣቷ ሰርካለም ቅዳሜ ቅዳሜ አዲሱ ገበያ በተከራየቻት ክፍል፣ ፊደል እየተምታታባቸው ማንበብ ያቃታቸውን ልጆች ታስጠናለች። ሌሎቹ ወላጆች ልጆቻቸውን አድርሰው ይሄዳሉ። ከሸጎሌ የሚመጣው በግ ነጋዴ ግን አይሄድም። ዱላውን ደጅ ያቆማል፣ ካፖርቱ ላይ የተጣበቀውን የበግ ጸጉር ያራግፋል፣ ከዚያ ያንን ግዙፍ ሰውነቱን አጣጥፎ የልጆቹ አግዳሚ ላይ ጥግ ይይዛል። ስሙን ጠይቃው አታውቅም፤ የሮሐ አባት ትለዋለች።

ሮሐ «ለ»ን ከ«ሰ» መለየት እያቃታት ሰነፍ ስትባል የኖረች ልጅ ናት። ሰርካለም ሳህን ላይ በተነሰነሰ አሸዋ ፊደሉን በጣት ስታስጽፋት፣ የአባትየው ጣትም ጉልበቱ ላይ አብሮ ይሄዳል። ሰርካለም ቀና ካለች እጁን ኪሱ ይከታል።

ዛሬ ሮሐ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አነበበች። ልጅቷ ቀድማ ስትወጣ አባትየው በሩ ላይ ቆም አለ።

«ይሄ ነገር ከምን ይመጣል፣ ልጄ?»

«ብዙ ጊዜ በዘር ነው» አለችው ሰርካለም። «ከስንፍና ጋር ግን አይገናኝም። ሮሐ ብልህ ልጅ ናት፤ መንገዱ ነው የሚለይባት።»

«በዘር...» አለና የካፖርቱን ቁልፍ መቆለፍ ጀምሮ ተወው። «እኔን የኔታ ገርፈው ገርፈው ሲደክማቸው፣ ድንጋይ ራስ ነው ብለው ለአባቴ መለሱኝ። አባቴም አመናቸው፤ እኔም አመንኳቸው።»

ሰርካለም የያዘችውን የአሸዋ ሳህን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች።

«እንግዲያ እኔም ሰነፍ አልነበርኩም ማለት ነው?»

«አልነበሩም» አለችው።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ።

«እስቲ አንዴ ድገሚልኝ።»