ኤዶ ሳሃራ የለበሰችው ዩኒፎርም

ባለፈው ጥር፣ ነፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ እያፏጨ በሚገባበት አንድ ምሽት፣ ከገበያ የገዛሁትን አዲስ ሹራብ በአናቴ ሳወልቅ ጨርቁ ፀጉሬን ይዞ ተንጣጣ። ደረቅ ጭራሮ እሳት ሲነካው የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር፤ እጆቼን ወደ ላይ እንደ ዘረጋሁ ቀረሁና በዚያች ቅጽበት ጅግጅጋ፣ በቆርቆሮ በተከደነችው ባለ አንድ ክፍል የኪራይ ቤታችን ውስጥ፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሆንኩ።

ያኔ ከኅዳር ጀምሮ፣ ሰማዩ ጠርቶ አየሩ ሲደርቅ፣ የትምህርት ቤት ልብሳችን ሁልጊዜ እንደዚያ ይንጣጣ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር እኔና ታናሽ እህቴ ሂክማ አረንጓዴውን ረጅም ቀሚሳችንን እየጎተትን ስናወልቅ፣ ጥቃቅን ሰማያዊ ብልጭታዎች ከወገባችን ተነሥተው እስከ አንገታችን ይሮጡ ነበር። እኔ ኮከብ ለብሼ የዋልኩ እየመሰለኝ እፈነጥዝ ነበር። ሂክማ ግን ታለቅስ ነበር፤ እሷ የሚታያት ብልጭታው ሳይሆን ከሥሩ ያለው የራሷ ቆዳ ነበር፣ አንገቷ ዙሪያውን፣ የክንዷና የጉልበቷ እጥፋት እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ አንዳንዴም ባከከችው ቦታ ደም ቋጥሮ ይገኝ ነበር።

ጨርቁን የገዛው አባቴ ነበር። የውኃ ቦቴ ሾፌር ስለነበር አብዛኛውን ጊዜ በደምበልና በኤረር መንገድ ላይ ያሳልፍ ነበር። መስከረም ላይ ትምህርት ቤቱ የዩኒፎርሙን ቀለም ሲያሳውቅ ግን አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቆ ገበያ ወርዶ፣ የተጠቀለለውን አረንጓዴ ጨርቅ በብብቱ ይዞ እየሣቀ ገባ። እናቴ ፊት ቆሞ ጫፉን በጡጫው ጨምቆ ያዘውና ለቀቀው፤ ጨርቁ አንዲት መስመር እንኳ ሳታወጣ ተዘረጋ።

«አየሽልኝ? ካውያ የሚባል አያውቅም። አቧራ አይዝ፣ ቀለም አይለቅ። ይኼ ልጅን ቀርቶ የልጅ ልጅን ያለብሳል!» አላት።

እውነቱን ነበር። የጅግጅጋን ነፋስ የሚያውቅ ሰው በአባቴ አይፈርድም። ነፋሱ ጧት ከሜዳው ተነሥቶ እስከ ማታ ከተማውን በአቧራ እየደበደበ ይውላል፣ ነጭ የለበሰ ሰው ቀትር ላይ ቡናማ ሆኖ ይገባል፣ መብራቱም ካውያ ለማሞቅ አይታመንም። ስለዚህ ወላጅ ሁሉ ፖሊስተሩን እየጨመቀና እየለቀቀ፣ አቧራውን ምን ያህል እንደሚችል እየመዘነ ይገዛ ነበር። ጨርቁን ወደ ጉንጩ አስጠግቶ የሞከረ አንድም አዋቂ አላየሁም።

ጥቅምት ላይ ሂክማ ቀሚሱን በፒጃማዋ ላይ መደረብ ጀመረች፤ በላብ ተጠምቃ ትመለስ ነበር። ቀጥላ ገልብጣ ለበሰችው፤ ልጆች ሣቁባት። መምህርቷ «ተይ አትቁነጥነጪ!» እያሉ ቦታዋን ሦስቴ ቀየሩባት። በመጨረሻ በአንድ የእረፍት ሰዓት፣ ግቢው ውስጥ ካለው የውኃ በርሜል አጠገብ ሄዳ ሂጃቧንም ቀሚሷንም አውልቃ፣ በውስጥ ልብሷ ቁጭ ብላ ክንዷ ላይ ውኃ ስታፈስ ተገኘች። እኔን ከክፍል ጠርተው ይዣት እንድሄድ አደረጉ። መንገድ ላይ ምን ነካሽ ብላት፣ «ልብሱ ይነክሰኛል» አለችኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቀሚሱን ለማልበስ ስንሞክር በሩን ጨምድዳ ይዛ ትጮህ ነበር። ጤና ጣቢያ የሚቀባ ሰጥተው «ቆዳዋ ይኼን ጨርቅ አይችልም፣ ጥጥ ብቻ አልብሷት» አሉ። እናቴ ገበያውን አካለለችው፤ ያ አረንጓዴ ቀለም ያለው ጨርቅ ሁሉ ፖሊስተር ነበር። የትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደር ደግሞ፣ ቀጭን፣ ዘወትር ሱፍ የሚለብሱ መምህር፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ ቁርጡን ነገሯት፦ ያለ ዩኒፎርም መግባት አይቻልም፣ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሲጀመር ካልተገኘች ስሟ ይሰረዛል። ሂክማ ያን ጊዜ አንደኛ ክፍል ነበረች፤ የሱቅ ታፔላ ማንበብ ከመጀመሯ የተነሣ ከእሷ ጋር መንገድ መሄድ አይቻልም ነበር፣ እያንዳንዱ ፊደል ፊት ትቆማለች። ከቀረች በኋላ ማታ ማታ ደብተሬን ከእጄ እየነጠቀች «ዛሬ የኛ ክፍል ምን ተማሩ?» ትለኝ ነበር። የሷ ክፍል ምን እንደተማረ ከየት አውቄ!

ግቢያችን ውስጥ፣ ከእኛ በር ትይዩ፣ የግመል ወተት የምትሸጥ ኤዶ ሳሃራ የምትባል ጎረቤት ነበረችን። ኤዶ ማለት አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ይጠራት ነበር። ረጅም፣ ስትሄድ ለማንም መንገድ የማትለቅ ሴት ነበረች። አንድ ቀን እናቴ ደጃፍ ቁጭ ብላ ስትተክዝ አይታ፣ ወገቧን ይዛ ከፊቷ ቆመች።

«አባዮ፣ ምን ሆንሽ?» አለቻት፤ እህቴ ማለቷ ነበር።

እናቴ ነገረቻት። ኤዶ ሳሃራ ሰምታ ስታበቃ ምላሷን ጠቅ አደረገች። «ገበያ አቡጀዲ አለ። ቀለም አለ። አንቺ ጋ ድስት አለ። ታዲያ ምን ጠፋ? ወላሂ፣ እናንተ ሰዎች ለቅሶ ትወዳላችሁ!»

በማግስቱ ነጩን አቡጀዲ ገዝተው፣ የማቅለሚያ ዱቄቱን ከጨው ጋር በትልቁ ድስት አፍልተው፣ በእንጨት እያገላበጡ ነከሩት። አረንጓዴ ሆነ፣ ደስም አለን። ገመድ ላይ ደርቆ ሲወርድ ግን ጨርቁን የሚያደርቀው ስታርች አልለቀቀም ነበርና ቆርቆሮ መሰለ፤ ቢያቆሙት ይቆማል። እናቴ ጫፉን ሂክማ አንገት ላይ ነካ ስታደርገው ልጅቷ ጥላት ሸሸች። ደጋግሞ ማጠብ ያለሰልሰው ነበር፤ ግን ጂላል ገብቷል፣ ሶማሌዎቹ ጎረቤቶቻችን የሚፈሩት ደረቁ ወቅት፣ ውኃ በጄሪካን እየተለመነ የሚገዛበት፤ አባቴ በቦቴ የሚጭነው ውኃ ለሌላ ሰው ነበር። ያም ባይሆን ውኃ በነካው ቁጥር ቀለሙን እየተፋ ይነጣ ነበር። እናቴ ጨርቁን ይዛ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች።

ኤዶ ሳሃራ ከእጇ ወሰደችውና አንዱን ጫፍ ትከሻዋ ላይ ቋጥራ፣ ቀሪውን ደረቷና ወገቧ ላይ ጠመጠመችው።

«አዲስ ጨርቅ ልጅ ላይ አይጀመርም» አለች። «እኛ አገራችን ጉናጋዶ እያለን እናቴ ሁሉንም መጀመሪያ ራሷ ነው የምትለብሰው። ትሠራበታለች፣ ትተኛበታለች፣ ከዚያ ነው ለእኛ የምትቀደው። ክፋቱን ትልቅ ሰው ላይ ይጨርስ።»

እንደዚያው ለብሳው ገበያ ወጣች። ጥርን በሙሉ ለበሰችው። ባቲ የሚሉት ሰፊው የቤት ቀሚሷ ላይ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ጠምጥማ፣ የወተት ዕቃዋን ተሸክማ በነፋሱ መሐል ስትሄድ ዛሬም ድረስ በዓይኔ ትመጣለች። ገበያው ግን ዝም አላላትም።

«ሳሃራ! ስንተኛ ክፍል ደረስሽ?» ትላታለች ጫት ሻጯ።

«አንቺ የወደቅሽበትን አልፌያለሁ!»

የባጃጅ ሹፌሮቹ ይባስ ነበሩ። «ኤዶ፣ ደወል ተደውሏል፣ ላድርስሽ?» ሲሏት፣ «ደብተሬን ተሸከምልኝ፣ እመጣለሁ!» ብላ ባዶ ዕቃ ታነሣባቸው ነበር።

ሣቁ ባልከፋ። ቀለሙ ግን ከላቧ ጋር እየለቀቀ ቆዳዋ ላይ ይቀመጥ ጀመር፤ መጀመሪያ ትከሻዋ፣ ቀጥሎ አንገቷ፣ ኋላ ክንዷ እስከ አንጓዋ አረንጓዴ ሆነ። ለሶላት ብትታጠብም አይለቅም ነበር። አንዲት የዘወትር ደንበኛ የወተቱን ክዳን ከፍታ አሸተተችና «ይኼ ቀለም ወተቱ ውስጥ አልገባም?» ብላ ወደ ሌላ ሻጭ አለፈች። ሌሎችም ተከተሏት። ኤዶ ሳሃራ ወተቷን እንደ ሞላ ይዛ የምትመለስባቸው ቀናት በዙ፣ የተረፈውን እኛ እንጠጣው ነበር። እናቴ ሐፍረት ያዛት።

«እትዬ ሳሃራ፣ በአላህ ይብቃሽ፤ ገበያሽ ተበላሸ እኮ።»

«ደንበኛ ይሄዳል፣ ይመጣል» አለች፣ አረንጓዴ ክንዷን እያከከች። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እሷንም ያሳክካት እንደነበር ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ሂክማ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ትፈትሸው ነበር። ኤዶ ሳሃራ በርጩማ ላይ ስትቀመጥ ከጎኗ ተንጠላጥላ ጉንጯን ትከሻዋ ላይ ታስደግፍና «ገና ነው፣ ይነክሳል» ብላ ትሸሻለች። ኤዶም ደግማ ትጠመጥመዋለች። የጥር መጨረሻ አካባቢ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢው እንግዳ በሆነ ዝምታ ተውጦ አገኘሁት። ኤዶ ሳሃራ በርጩማዋ ላይ እንደ ተቀመጠች አትንቀሳቀስም። ሂክማ ጉንጯን አረንጓዴው ትከሻ ላይ ጥላ፣ አፏን ከፍታ ተኝታ ነበር። ኤዶ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገችልኝና በሹክሹክታ «ደርሷል» አለችኝ።

የካቲት ላይ ትምህርት ሲከፈት ሂክማ በመሐላችን ሆና ሄደች፤ በአንድ እጇ እናቴን፣ በሌላው ኤዶ ሳሃራን ይዛ፣ እኔ ከኋላ። ልብስ ሰፊው ቀሚሱንም ሂጃቡንም ከዚያው ጨርቅ አውጥቶ ነበር። በሩ ላይ ግን ከሌሎቹ ልጆች ጎን ስትቆም ልዩነቱ ታየኝ፤ የእነሱ ብሩህ አረንጓዴ ነበር፣ የሷ ከርሞ እንደ ደረቀ ቅጠል የገረጣ፣ ቦታ ቦታውም የተዥጎረጎረ። ዩኒት ሊደሩ በእጃቸው አስቆሟት።

«እናቴ፣ አዝናለሁ፣ ይኼ የትምህርት ቤቱ ቀለም አይደለም» አሉ ወደ ኤዶ ዞረው።

ኤዶ ሳሃራ በአማርኛዋ ውስጥ «እርስዎ» የሚባል አልነበራትም። «መምህር፣ ቀለሙን ነው የምትፈልገው?» አለቻቸው። ሻሿን ወደ ኋላ መለሰች፣ እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰበሰበች። አንገቷ፣ ክንዷ፣ አንጓዋ፣ በጧት ፀሐይ ትምህርት ቤቱ የጠየቀውን ያን ብሩህ አረንጓዴ ይመስል ነበር። «ይኸው። ቀለሙ እኔ ላይ ነው። ጨርቁ የሷ፣ ቀለሙ የኔ። ሁለታችንም እንግባ?»

ወላጆቹ ሣቁ። እሳቸው አልሣቁም። ክንዷን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ፣ ጎንበስ ብለው የሂክማን እጅጌ በሁለት ጣታቸው አሹት፣ ከዚያ ሳያስቡት የራሳቸውን የሸሚዝ ኮሌታ ከአንገታቸው ላላ አደረጉ። «ግቢ» አሏት ሂክማን። «ቀለም እንኳ የትም አለ።»

በእረፍት ሰዓት ወደ አንደኛ ክፍል መስኮት ሮጬ አጮለቅሁ። ሂክማ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች፣ ሌሎቹ ወጥተው ሳለ እሷ ያመለጣትን ከሰሌዳው ላይ እየቀዳች። እጇ ወደ አንገቷ አልሄደም። አንድ ልጅ ዝም ብሎ መቀመጡ ያን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ፣ አንድ ሰው ገበያውንና ቆዳውን የሚሰጥበት ነገር እንደሆነ፣ ያን ቀን ፊቴን የመስኮቱ ብረት ላይ ለጥፌ አየሁ።

አሁን ሂክማ ስምንተኛ ክፍል ናት። ኤዶ ሳሃራ ልጇን ተከትላ ኤረር ገብታለች፤ እዚያም ወተት ትሸጣለች ይላሉ። በዚህ መስከረም የሂክማን ዩኒፎርም የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ጥጥ የበዛበት፣ ተሰፍቶ በላስቲክ የታሸገ፣ ለስላሳ። ጉንጬ ላይ አድርጌ ሞክሬው ነው የገዛሁት። እሷ ከላስቲኩ አውጥታ ለብሳ፣ ስልኳን እያየች ወጣች። ያ ማሳከክ ትዝ ይልሽ እንደሆን ብዬ ብጠይቃት ግራ ገባት፤ ቆዳዋ ረስቶታል። የገረጣውን ቀሚስ ግን ታስታውሰዋለች።

«ወተት ወተት፣ ኤዶ ኤዶ ይሸት ነበር» አለችኝ።

የዛሬውን አሸተትኩት። ንጹሕ ነው፣ አይነክስም፣ ማንንም ሰው ግን አይሸትም።