በጎረቤቴ ድስት የተሠራ ቋሊማ

«ርካሽና ቀላል እራት» የሚሉትን ነገር ስሰማ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ያመጣብኝ ወንድሜ ነው። አዲስ አበባ ይኖራል፤ ለሥራ ወደ ውጫሌ ሲያልፍ ሐይቅ እኔ ዘንድ ሊያድር ጎራ አለ። ሲመጣም በፌስታል ጠቅልሎ ቋሊማ ይዞልኝ መጣ፣ ያውም በሁዳዴ! «ጨጓራዬን ስለሚያመኝ አልጾምም» አለኝ። ጨጓራውን ለሚያመው ሰው ቋሊማ እንደሚታዘዝ ያን ቀን ሰማሁ። መጾም አለመጾሙ የራሱ ጉዳይ ነው ብዬ ፌስታሉን ጥግ አስቀመጥኩና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ሥራዬ ድንች መላጥ ነበር። በዚያ ሰሞን ሁዳዴና ረመዳን ገጥመዋል። ግቢ የምንጋራው ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። ዓመቱን ሙሉ ያለንን ስንካፈል እንኖራለን፤ ሥጋ ሲሆን ብቻ እሷ የእኔን አትቀምስም፣ እኔም የእሷን አልቀምስም። አገሩ እንዲህ ነው፤ በዚህ የሚቀየም የለም። ሁለቱ ጾሞች ሲገጥሙ ግን እኔም ሥጋ ስለማልነካ ከአንድ ሳህን እንበላለን። አዛን እስኪል እኔም እህል ሳልቀምስ እጠብቃታለሁ። እነዚያን ምሽቶች ከማንኛውም በዓል አብልጬ እወዳቸው ነበር።

ያን ዓመት ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰብሮ ስለነበር ማፍጠሪያዋን የምሠራላት እኔ ነኝ። ገና በመጀመሪያው ቀን የራሷን ድስት አምጥታ ሰጠችኝ። «ይችን ያዣት፣ ለሁለታችን ትበቃለች» ነበር ያለችው። የእኔ ድስቶች ሥጋ ሲወጠወጥባቸው የከረሙ መሆናቸውን እሷም አላነሳች፣ እኔም አላነሳሁ። ድስቷን መደርደሪያው ላይ ለብቻዋ አስቀመጥኳት። ወንድሜንም ገና እንደገባ «ይቺን እንዳትነካት፤ የጎረቤቴ ናት» ብየዋለሁ። በአማርኛ ነው የነገርኩት።

ድንቹን ልጬና ከትፌ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ ከዚያ ለውዱእ ውሃ ላፈስላት ወደ እሷ ቤት ሄድኩ። በአንድ እጇ ጆግ ይዛ መታጠብ አትችልም። ስመለስ ግቢው በሙሉ ጥብስ ጥብስ ይሸታል። ወንድሜ ሽርጤን አሸርጦ ምድጃው ላይ ቆሟል፤ ስልኩን ከዘይቱ ጠርሙስ ጋር አስደግፎ ቪዲዮ ያያል።

«እራት ደርሷል!» አለኝ በኩራት። «ምንም ልፋት የለውም እኮ። ቋሊማውን ቆራርጠሽ ትጠብሺዋለሽ፣ በስቡ ላይ ሽንኩርት፣ ከዚያ ድንቹን፣ ትንሽ ውሃ፣ በቃ ከድኖ መተው ነው። አንድ ድስት ብቻ ነው የሚቆሽሸው።»

ያቺ አንድ ድስት የእሷ ነበረች። ድንቹም የእሷ ማፍጠሪያ ነበር።

«ነግሬህ አልነበረም ወይ!» ብዬ ጮህኩበት።

«ሌሎቹ ጠበቡኝ። ደግሞ ታጥባ ትመለሳለች፣ ምን ታካብጃለሽ? የበሬ ሥጋ ነው፣ አሳማ አይደለም።»

«ማን አረደው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ፋብሪካ ነዋ!»

ይህን የሚለኝ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ቢሆን ባልከፋኝ። እዚሁ ሐይቅ ተወልዶ ያደገ ነው። ሠርግ በተሠረገ ቁጥር ለሙስሊሙ በሙስሊም እጅ፣ ለክርስቲያኑ በክርስቲያን እጅ ሲታረድ፣ ድስቱም ማማሰያውም ለየብቻ ሲሆን እያየ ነው ያደገው። አዲስ አበባ ሄዶ ሌላውን ሁሉ ተምሮ ይህችን ብቻ ረሳት ማለት ነው?

በዚህ ቢያበቃ እንኳ ምናልባት ይቅር እለው ነበር። ቀስ ብሎ ተጠጋኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይልቅ ቋሊማውን ልልቀምልሽና ድንቹን ውሰጂላት። በምን ታውቃለች?» አለኝ።

የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ቀኑን ሙሉ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ የዋለች ሴት ናት። እኔ ያቀረብኩላትን ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ቢስሚላህ ብላ የምትጎርስ ሴት ናት። ስለምታምነኝ ላታልላት! ማማሰያውን ከእጁ ነጠቅሁት፤ ልመታው ምንም አልቀረኝም ነበር።

አዛን ሊል ጥቂት ነው የቀረው፣ ሌላ ድንች ቤት ውስጥ የለም። ባዶ እጄን ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። የምታፈጥርበትን ተምር በደህናው እጇ እንደያዘች እስክጨርስ ሰማችኝ።

«አብሽሪ እህት ዓለም» አለችኝ በመጨረሻ። «ሳላውቅ ብበላው አላህ አይዝብኝም ነበር። አንቺ ግን ነገርሽኝ። ነይ ተቀመጭ፣ ዳቦ አለ።»

ዳቦ በውሃ በላን። ከዚያ ድስቷን በአመድም በሳሙናም ፈግፍጌ፣ ደጋግሜ አጥቤ ወሰድኩላት። አመስግና ተቀበለችኝ፤ ግን ከዚያ በኋላ ያችን ድስት እሳት ላይ አይቻት አላውቅም። ወንድሜ ቋሊማውን ብቻውን በላ። ጠዋት ወደ ውጫሌ ሲሳፈር «አሁንም አኩርፈሻል?» ብሎ ሳቀብኝ። ለእሱ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

በማግስቱ ድንች ገዝቼ ስገባ ጎረቤቴ በሯ ላይ ጠበቀችኝ። «ለምን ስትመላለሽ ትደክሚያለሽ፣ እዚሁ እኔ ጓዳ ሥሪው» አለችኝ፣ ፈገግ ብላ። ገባሁ። ሌላ ድስት አውጥታልኛለች። ዱካ ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ በፊት የምሠራውን ሠርቼ እስካቀርብላት ድረስ ከምንጣፏ አትነሳም ነበር።

«እንዳይደብርሽ ብዬ ነው» አለችኝ፣ ምንም ሳልላት።

ስለ ገበያው፣ ስለ ልጆቿ እያወራችኝ ሽንኩርቱን አቁላላሁ። ከቤቴ ያመጣሁትን ዘይት ሳነሳ ዓይኗ እጄን ተከተለ። ወሬዋን ግን አላቋረጠችም። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ጠርሙሱን ወደ እሷ አዞርኩና የአትክልት ዘይት የሚለውን ጽሑፍ አሳየኋት።

«እኔ መቼ ጠየቅሁሽ!» አለችኝ፣ እንባ አቅርራ።

እውነቷን ነው፣ አልጠየቀችኝም። በኖርንበት ዘመን ሁሉ ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም አሳይቻት አላውቅም ነበር።