የጋዜጣው ሪዝ

ዛሬም ጭሮ ከተማ ፀጉር ቤት ገብቼ አልኮል የነካ ጥጥ ከላይኛው ከንፈሬ ላይ ሲያርፍ ቃጠሎው ሆዴ ድረስ ይወርዳል። ፀጉር ቆራጩ ልጅ "ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?" ይለኛል። ቆዳዬ ስስ ነው እለዋለሁ። ፊቴን ብታየው ይቺ ውሸት እንደማታዋጣ ይገባህ ነበር።

ያኔ ሪዝ ማብቀሌ ነው። ከሰሜኑ ጎረቤት አገር ጋር ጦርነት ላይ ነበርን። ጋዜጣ ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ይመጣና ሰፈራችን ያለው ፀጉር ቤት ይነበባል። አንባቢው ባለቤቱ ነበር፤ መቀሱን ደረት ኪሱ ከቶ ሲያነብ ሬዲዮ ያስንቃል። ጋዜጦቹ የዚያን አገር መሪ አንዴ ጅብ፣ አንዴ ልጅ የሚበላ ጭራቅ አድርገው ይስሉታል። የማይለወጠው ሪዙ ብቻ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጥቁር።

አንድ ቀን አንድ የጫት ነጋዴ ስዕሉን አየና ወደ እኔ ዞሮ "ወላሂ፣ ቁርጥ ይሄን ልጅ" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስገባ እንደ መሪ እጄን እያውለበለብኩ ሆነ፤ ሪዜንም ቅባት እቀባው ጀመር። ባለ ፀጉር ቤቱም ይስቃል፤ ግን ቶሎ ያቆማል። እዚያ አገር ተወልዶ በልጅነቱ ጭሮ እንደመጣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም ግን አያነሳውም።

አንድ ቀን አባቴ ለጉዳይ ሚኤሶ ከተማ ላከኝ። ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ ፊት ለፊቴ ያለ ሰውዬ አንዴ የያዘውን ጋዜጣ፣ አንዴ እኔን ያያል። ሳቁን ጠበቅኩ። አልመጣም። ጋዜጣውን ጎኑ ላለው አሳየው። ወንበሮች ሲንቀሳቀሱ ትዝ ይለኛል። ሰውዬው መጥቶ አንገትጌዬን ጨመደደ።

"የማን ልጅ ነህ?"

ልጁ ጦር ግንባር ላይ እንደሞተበት ከኋላ አንዱ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። በኦሮምኛ አያቶቼን እስከ ሰባት ቤት ቆጠርኩለት፤ ከፍርሃቴ የተነሳ አንዷ አክስቴ መሃል ገብታለች። አባቴን የሚያውቅ የአይሱዙ ሹፌር ጎትቶ ባያወጣኝ ኖሮ ዛሬ ይህን አላወራህም ነበር።

ጭሮ ስደርስ ቤቴ ሳልሄድ ቀጥታ ፀጉር ቤቱ ገባሁ። "ጋሼ፣ ሪዜን ይላጩልኝ" አልኩት፤ የሆነውንም ነገርኩት። በሩን ዘጋ። ምላጩን የሚጠርግበት እንደወትሮው ቁራጭ ጋዜጣ ነበር፤ አረፋውና ፀጉሬ መሪው ፊት ላይ ይከመራል። ሲጨርስ አልኮሉን ነካ ነካ አደረገልኝ።

"አንተስ ተላጭተህ ተገላገልክ" አለኝ። "እኔ ምኔን ልላጭ?"

ቀልድ ፈለግኩ። አልመጣልኝም።

በሚቀጥለው ሳምንት ጋዜጣው ሲመጣ ፀጉር ቤቱ ተዘግቶ ነበር። ከሌሎች የዚያ አገር ተወላጆች ጋር ጭነው ወደ ድንበር ወስደውታል አሉ። አንዱ ደጃፉ ላይ ቆሞ በቀጭን ድምፁ ማንበብ ጀመረ፤ ጥቂት አነበበና ጋዜጣውን አጠፈው።

ሰሞኑን ያ መሪ በየስልኩ በሚዞረው ስዕል እንደገና የጭራቅ ጥርስ አብቅሏል። ልጄ ሪዝ ጀማምሮታል። ትናንት ስዕሉን አሳየኝና፣ ሪዙን እያሻሸ፣ "አባ፣ አልመስልም?" ብሎ ሳቀ።

"ተነስ፣ ፀጉር ቤት እንሂድ" አልኩት።

"ለምን?"

ቀልድ ፈለግኩ። አሁንም አልመጣልኝም።