የንግሥቲቱ እጆች

በቤተ መንግሥቱ የልብስ ስፌት ክፍል ሃያ ዓመት የሠራች ሴት ነበረች። ሜትር ከአንገቷ ስለማይጠፋ ሁሉም «ባለ ሜትሯ» ይሏታል። ቁመቷም ትከሻዋም ልክ የንግሥቲቱ ስለሆነ፣ አዲስ ልብስ ሁሉ መጀመሪያ የሚለካው በእሷ ላይ ነው።

አንድ ዓመት የንግሥቲቱ ይፋዊ ሥዕል እንዲሠራ ታዘዘ። ንግሥቲቱ ጊዜ ስላልነበራቸው ለፊታቸው ብቻ አንድ ጠዋት ተፈቀደ። ለቀረው ባለ ሜትሯ ካባውን ለብሳ እንድትቀመጥ ተነገራት።

«እኔ? እዚህ ወንበር ላይ?»

«አይነክስሽም፤ ተቀመጪ» አላት ሠዓሊው።

ሠዓሊው እጁ ሲሠራ አፉ የማያርፍ፣ የጨዋታ ሰው ነው። በአምስተኛው ቀን ስለ ልጆቿ ጠየቃት። አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ በሰባት ዓመቷ በሳንባ ምች ሞታባታለች። ይህን ስታወራ ሳይታወቃት ግራ እጇ የቀኙን አውራ ጣት ጭብጥ አድርጎ ያዘ። ልጅቷ መንገድ ሲሻገሩ እንደዚያ ነበር የምትይዛት። ሠዓሊው ወሬውን ተወና እጆቿን እንዳሉ ሣላቸው።

በቀጠሮው ጠዋት ንግሥቲቱ መጡ። ፊት የሌለውን ሥዕል ቆመው አዩት።

«የማን እጆች ናቸው?»

የፕሮቶኮል ሹሙ ፈጠን ብሎ፣ «ይስተካከላል ግርማዊት፤ በትረ መንግሥት እናስይዛቸዋለን» አለ።

የካባውን እጥፋት ልታስተካክል የቆመችው ባለ ሜትሯ እጅ ነሣች። «የኔ ናቸው እመቤቴ። ልጄን እያሰብኩ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ንግሥቲቱ እጆቹን ደግመው አዩ። ባለፈው ዓመት የተወለደው ልጃቸው አንድ ቀን እንኳ ሳያድር ሞተ። ቤተ መንግሥቱ ሦስት መስመር መግለጫ አወጣ፤ ንግሥቲቱም በወሩ ወጥተው ድልድይ መረቁ። ባለ ሜትሯ ያን ጊዜ የቀሚሶቻቸውን ወገብ በየወሩ ስታሰፋ ከርማ፣ አንድ ቃል ሳይወጣት ሁሉንም መልሳ አጥብባለች።

ንግሥቲቱ ተቀመጡና እንደ ሥዕሉ አውራ ጣታቸውን ያዙ።

«ፈገግ ቢሉ፣ ግርማዊት» አለ ሹሙ።

«ዛሬ አይሆንልኝም።»

ሠዓሊው ፊታቸውን እንዳለ ሣለ።

ሥዕሉ ሲሰቀል አንዳንዱ «አስረጅቷቸዋል» ብሎ አማ። ሹሙ ሊያስለውጠው ብዙ ለፋ፤ ንግሥቲቱ ግን እሺ አላሉም።

በሚቀጥለው የልብስ ልኬት ቀን ንግሥቲቱ ሌላውን ሰው ሁሉ አስወጡ።

«ልጅሽ ስሟ ማን ነበር?»

ባለ ሜትሯ ነገረቻቸው። ከዚያ ንግሥቲቱ ጠጋ አሉና መግለጫው ላይ ያልተጻፈውን የልጃቸውን ስም በጆሮዋ ነገሯት። ባለ ሜትሯም ስሙን አንዴ ቀስ ብላ ጠራችው፤ ሁለቱም ተያይዘው አለቀሱ።