ስምንተኛው በር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርሁም፤ ለንስሐ አባቴም ደብቄአለሁ። አሁን ስጽፍ እንኳ እናንተን እጠረጥራለሁ፤ ሳትጨርሱት ትፈርዱብኝ ይሆናል። ፍረዱ።

ወንድሜ ጌትነት ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። ከመሞቱ በፊት የነበረው ቀን እንደማንኛውም ሰኞ ነበር። የትምህርት ቤቱን በሮች ቆልፎ ለመጨረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በስልኬ እንድለካለት ጠራኝና ሄድሁ።

ያን ሰሞን በአካባቢው ተኩስ በዝቶ ነበር። ዕቅዱ እንዲህ ነው። ዘበኛው አያ ምትኩ ተኩስ ሲሰሙ ደወል ይደውላሉ፤ ጌትነት ልጆቹን ከነአስተማሪዎቻቸው ክፍል አስገብቶ ስምንቱንም በር ከውጭ ይቆልፋል። በሮቹ ከውስጥ መቀርቀሪያ የላቸውም። ደግሞ ከውጭ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ያየ ሰው ባዶ ነው ብሎ ያልፋል ተባለ። ታጣቂ ቢመጣ የሚሻገረው በወንዙ ድልድይ ነው፤ ከድልድዩ እስከ ትምህርት ቤቱ በእግር ሰባት ደቂቃ ነው። መቆለፉ ከሰባት ደቂቃ ከበለጠ ዕቅዱ ይቀራል፤ ልጆቹም በጓሮ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ሁሉም ነገር እኔ በምለካው ደቂቃ ላይ ነበር።

«ሁሉን ቆልፌ ስጨርስ እኔን ማን ይቆልፍብኛል?» አለ ጌትነት እየሳቀ።

«አንተንማ ማን ይፈልግሃል፣ የጠመኔ ብናኝ!» አሉት አያ ምትኩ። «ከእኔ ጋር ዕቃ ቤቱ ጓሮ ትወሸቃለህ።»

ደወሉ ተደወለ። ጌትነት ከበር በር ሮጠ። ሰባተኛውን ሲቆልፍ ስድስት ደቂቃ ሞላ። የስምንተኛው ቁልፍ ዝጎ ኖሮ እምቢ አለው። ከሰባት ከበለጠ ቁልፉን ቀይረን እንደገና መለካት ሊኖርብን ነው። እኔ ደግሞ ኳስ ለማየት ወገዳ መውረድ ፈልጌአለሁ፤ መኪናው መንገድ ላይ ቆሞ ጥሩንባውን ይነፋል። ኳስ! ጌትነት ጀርባውን ሰጥቶኝ ከቁልፉ ጋር ሲታገል የስልኬን ቆጠራ አቆምሁት። እኔ ነኝ ያቆምሁት።

«ስንት?» አለኝ ላቡን እየጠረገ።

«ስድስት።»

«ስምንተኛውም ተቆጥሮ?»

«ተቆጥሮ። አትጠራጠር።»

«አንተ ካልህማ።» የዕቅዱ ወረቀት ላይ ጻፈው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ተኩስ ተሰማ። ቤታችን ከወንዙ ማዶ ስለሆነ ሁሉንም ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ተኩሱ፣ ወዲያው ደወሉ። አያ ምትኩ አልዘገዩም። ከዚያ ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ ከትምህርት ቤቱ በኩል አንድ ጥይት ጮኸ። ጌትነትን ስምንተኛው በር ሥር አገኘነው። ልጆቹ ተርፈዋል። ማን እንደተኮሰ ዛሬም አናውቅም።

ለቅሶው ላይ ሹክሹክታ ተጀመረ። የስድስት ደቂቃ ሥራ እንዴት ሳያልቅ ቀረ? ደወሉ ቢዘገይ ነው። ዘበኛው ከታጣቂዎቹ ጋር ቢሆን ነው። እኔም እውነቱን እያወቅሁ ሽማግሌውን መጠርጠር ጀመርሁ። የደወሉት ዘግይተው ይሆን? ጆሮዬ አታሎኝ ይሆን? ሌላ ሰው መጠርጠር እንዴት እንደሚያሳርፍ ታውቃላችሁ? እኔ ያን ቀን አወቅሁ።

ዛሬ አያ ምትኩ አገር ለቀው መካነ ኢየሱስ ውስጥ እንጨት ይፈልጣሉ ይባላል። ሐዘን ነው ያስዋሸኝ አልልም። የዋሸሁት ሰኞ ነው፤ ሰኞ ደግሞ ሐዘን አልነበረብኝም። ይቅር በሉኝም አልልም። ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ናቸው፤ እኔ እስካሁን ሄጄ አልጠየቅኋቸውም።

አንድ የዘለልሁት ነገር አለ። ጌትነት በሞተ በማግስቱ፣ ጠዋት፣ ሬሳው ሊወጣ ሲል አያ ምትኩ እያለቀሱ መጡ። አንድ ሽማግሌ በሰው ሁሉ ፊት «ልጄ፣ አንተ ማዶ ነበርህ። ደወሉን መቼ ሰማኸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። አያ ምትኩ ቀና ብለው አዩኝ። ፍርሃት አልነበረባቸውም፤ መስማቴን ያውቃሉ።

«ተኩሱ ከተሰማ ቆይቶ ነው» አልሁ። «በጣም ቆይቶ።»

አያ ምትኩ ጌትነትን ሊሸከሙ ቃሬዛውን ይዘው ነበር። እጃቸውን አስለቀቅሁና በቦታቸው እኔ ገባሁ።