የለቅሶ ቤት ዓሦች

የእህቴ ባል በሞተ በሁለተኛው ቀን የዓሦቹን ሶኬት የነቀልኩት እኔ ነኝ። ይህንን ለማንም ሳልናገር ዘጠኝ ወር ኖሬያለሁ። ከዚያ በኋላም ስንት ጊዜ ልጽፈው ተቀምጬ እንደተነሣሁ እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ደክሞኛል፣ ይጻፍና ይውጣልኝ።

እህቴ ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ በምትባል ከተማ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ባለች ቤት ከባሏ ጋር ትኖር ነበር። ልጆቻቸው አድገው ሌላ ስቴት ሄደዋል። እኔ ያለሁት ግሌንዴል ነው፤ በመኪና ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እሱ በሕይወት ሳለ ግን እነሱ ቤት የምሄደው በዓመት ሁለቴ ነበር፣ ለገናና ለፋሲካ። ለምን ጠፋሽ ስባል ሥራ እላለሁ። ውሸትም አይደለም። አየር ማረፊያ ዊልቸር ነው የምገፋው። የሰው እናትና አባት ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ስገፋ እውልና፣ ቤቴ ስገባ የምፈልገው እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ጣሪያ ማየት ብቻ ነው። እህት ለመጠየቅ የሚተርፍ ጉልበት የለኝም ነበር፤ ወይም የለኝም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

ባሏ ታክሲ ነጂ ነበር። ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ሲያወራው ስለሚውል ቤቱ ሲገባ ወሬ አይፈልግም። የሚፈልገው ዓሦቹን ነው። ሳሎኑ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ከሶፋ የማይተናነስ አኳሪየም ገትሮ ስድስት ዲስከስ ያረባ ነበር። ዲስከስ የስኒ ማስቀመጫ ያህል ክብና ጠፍጣፋ፣ ቀይና ሰማያዊ ሽንትር ያለው ቆንጆ ዓሣ ነው። ፍርሃቱ ግን ለጉድ ነው። በር ጓ ሲል ይበረግጋል፣ ሰው እጁን ሲያነሣ ይሸሻል፣ ውሃው ከሰማንያ አራት ዲግሪ ፋራናይት ትንሽ ዝቅ ካለ ይጠቁራል፣ ምግብ ይተዋል። ሰውዬው ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲ ነበር የሚጠጋቸው። እህቴን እንኳ እንደዚህ ተጠንቅቆላት አያውቅም ብዬ እቀልድበት ነበር። እሷ ትስቃለች፤ የሚወደው ነገር ስላለው ደስ ይላታል።

በየካቲት፣ ልቡ ነው ተባለ፣ በአንድ ጠዋት አለቀ።

ቤቱ በሰው ተሞላ። ሶፋው ወደ ጋራዥ ወጣ፣ መሬት ላይ ፍራሽ ተነጠፈ፣ ቴሌቪዥኑ በነጠላ ተሸፈነ። አኳሪየሙ ግን በምን ይሸፈናል? ሰማያዊ መብራቱ ቦግ ብሏል፣ ውሃው ይንቆረቆራል። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ትልቅ እናት እጄን ያዙና፣ ይኼ ነገር የሠርግ ቤት አስመሰለው፣ ሰው ምን ይላል፣ አጥፊው እንጂ አሉኝ። እኔ ሁለት ቀን አልተኛሁም፣ ትሪ ተሸክሜ ከወጥ ቤት ሳሎን ስመላለስ ወገቤ ተቆርጧል። እሺ እማማ አልኩ። ማጥፊያውን ፈልጌ አጣሁት። ከኋላው በጉልበቴ ገባሁና ወፍራሙን ገመድ ሳብኩት። መብራቱም፣ ውሃውን የሚያጣራው ፊልተርም፣ ማሞቂያውም በእሱ ላይ እንደተሰኩ አላሰብኩም። ሁሉም ባንዴ ጸጥ አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ጸጥታው ደስ አለኝ።

የውጪው በር ለለቅሶተኛ ቀኑን ሙሉ ወለል ብሎ ይውላል፤ ውጪ በረዶ ነው። ሶኬቱ ትዝ ያለኝ በአራተኛው ቀን ነው። ሮጬ ሄጄ ሳይ ተሰክቷል። ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ የፈለገ ሰው ሰክቶት ይሆናል አልኩና ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሁለቱ ዓሦች ግን ሞተው ተንሳፍፈዋል። ሦስተኛው በሳምንቱ ተከተላቸው። የተረፉት ሦስቱ ጠቁረው፣ ከፊልተሩ ቱቦ ኋላ ተጣብቀው፣ ወዲህም ወዲያም የማይሉ ሆኑ።

እህቴ ለመጣው ሰው ሁሉ፣ ዓሦቹም አዘኑበት፣ ተከተሉት ትላለች። ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። አንዳንዱ ለሌላው ያወራዋል፣ በስልክ ያወራዋል፣ አንድ ቀን ሥራ ቦታዬ ድረስ ታሪኩ ደርሶ ለእኔው ለራሴ ተነገረኝ። እኔም ከንፈሬን መጠጥኩ። ምን ላድርግ? እሱ ትቶላት የሄደውን ግማሹን ገድያለሁ። የቀሩት ሦስቱ ከሞቱ የሚቀራት የለም። እኔ መሆኔን ካወቀች ደግሞ እኔም እህት አይኖረኝም።

ስለዚህ በየእሑዱ መሄድ ጀመርኩ። እሑድ ብቻ ነው የማርፈው፤ እሱንም ለባልዲ ሰጠሁት። ሲሶውን ውሃ በቱቦ እቀዳና እደፋለሁ፣ አዲሱን በቴርሞሜትር ለክቼ፣ ክሎሪን የሚያጠፋውን ጠብታ ጨምሬ፣ ቀስ ብዬ እመልሳለሁ። እህቴ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። አልፎ አልፎ ስለሱ ታወራለች። ምሳ ሳልበላ አትለቀኝም። ስወጣ፣ የሳምንት ሰው ይበለን ትለኛለች። መኪና ውስጥ ስገባ ልቅሶም እንቅልፍም ባንድ ላይ ይመጣብኛል።

ዓሦቹ ከተደበቁበት አልወጡም። የዓሣ መሸጫው ሽማግሌ አሜሪካዊ የመከረኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ከኋላና ከጎን ጥቁር ወረቀት ለጥፌያለሁ፣ መብራቱን ቀንሻለሁ፣ የሚደበቁበት ግንድ አስገብቻለሁ። እነሱ ግን ምግቡ ሲወርድ እያዩ ከስንት አንዴ ካልሆነ አይነኩትም። በመጨረሻ ሰውዬው፣ ፈሪ ዓሣ በልመና አይወጣም አለኝ። የማይፈሩ ትናንሽ ዓሦች ጨምሪበት፤ እነሱ መሃል ላይ እንደልባቸው ሲዋኙ ካየ፣ አደጋ የለም ማለት ነው ብሎ ራሱ ይወጣል አለ። ለእህቴ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። ሙት ዓመቱ ሳይወጣ እሱ ያልመረጠውን ዓሣ እሱ ቤት ላስገባ ወይ አለችኝ። ተውኩት። ሥራ ቦታ እንደማደርገው አንገቴን ደፍቼ መግፋቴን ቀጠልኩ።

በጥቅምት አንደኛው ዲስከስ ከስቶ ግንባሩ ጎደጎደ። እህቴ ለረጅም ጊዜ አየችውና፣ የሚያድናቸው ከሆነ አምጪ አለችኝ።

ኒዮን የሚባሉ አሥር ትናንሽ ዓሦች ገዛሁ፤ የጥፍር ቁራጭ የሚያካክሉ፣ ጎናቸው ላይ ሰማያዊ መስመር የሚያበራ። በሽታ ይዘው እንዳይገቡ ለብቻ ይቆዩ ብሎ ሽማግሌው ስላለኝ ሦስት ሳምንት ግሌንዴል እኔው ቤት በትንሽ የመስታወት ሳጥን አኖርኳቸው። ከሥራ መጥቼ ጣሪያ ማየት ቀረና እነሱን ማየት ሆነ። ከዚያ በአንድ የኅዳር እሑድ በፕላስቲክ ከረጢት ውሃ አድርጌ፣ ጃኬቴ ውስጥ ሸጉጬ፣ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ ጥግ ከፍቼ ወደ ኦሮራ ነዳሁ።

ከረጢቱን ሳልፈታ ውሃው ላይ አንሳፈፍኩት፣ ሙቀቱ እስኪስተካከል። ከዚያ በየአምስት ደቂቃው አንድ አንድ ስኒ የአኳሪየሙን ውሃ እጨምርበታለሁ። እህቴ አጠገቤ ቆማ ስኒውን ታቀብለኛለች። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ሠራን። በመረብ አንድ በአንድ ካስገባኋቸው በኋላ፣ እንግዶቹም ነባሮቹም እንዳይደነግጡ መብራት መጥፋት አለበት፤ ሰውዬው አጥብቆ ነግሮኛል።

"ተቀመጪ እትዬ፣ እኔ አጠፋዋለሁ" አልኳትና እንደያኔው ከኋላው በጉልበቴ ገባሁ።

"ዛሬ የመብራቱን ብቻ ንቀይ" አለችኝ።

ድምፅዋ ውስጥ ምንም አልነበረም፤ ጨው አቀብይኝ እንደማለት ነው ያለችው። እጄ ገመዱ ላይ ቀረ። ዞር ብዬ ላያት አልቻልኩም።

"አይተሽኛል?" አልኳት፣ ግድግዳውን እያየሁ።

"ፍራሹ ላይ ነበርኩ እኮ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው የሰው እግርና ሶኬት ነው። ያን ጊዜ ምን እንደምታደርጊ አልገባኝም። በማግስቱ ሲገባኝ ተነሥቼ ሰካሁት።"

የመብራቱን ቀጭን ገመድ ለይቼ ነቀልኩና ወጣሁ። ፊልተሩ ይንቆረቆራል። ታዲያ ለሰው ሁሉ በሐዘን ሞቱ የምትዪው ለምንድን ነው አልኳት። እህቴ ገደለቻቸው ልበል ወይ አለችኝ። ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም ስላት ስኒውን አንሥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ያን ጊዜ ተናደድኩ። ዘጠኝ ወር ሙሉ፣ ያቺን አንዲት የዕረፍት ቀኔን፣ ባልዲ ተሸክሜ፣ በየሌሊቱ ራሴን ስከስ፣ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ እያወቀች ታየኛለች። ይህንኑ ነገርኳት፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። ዓሦቹ ይደነግጣሉ፣ ቀስ በይ አለችኝ።

ከዚያ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተቀመጠችና እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። እጇ ከስቷል። ያን ሁሉ እሑድ ስመላለስ አላየሁትም ነበር፤ እኔ የማየው ዓሦቹን ነው።

"ብነግርሽ ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ፣ አብረን እናለቅሳለን፣ ይቅር እልሻለሁ" አለች። "ከዚያስ? እሑድ እሑድ ትመጪ ነበር?"

እመጣ ነበር ልላት አፌን ከፈትኩ። ገና መጣብኝ፣ ፋሲካ መጣብኝ፣ ያ ሃያ ደቂቃ መንገድ መጣብኝ። ሙሉ ጎረቤትና ሙሉ ማኅበር በአርባው ተሰናብቷት ሲሄድ፣ ልጆቿ ወደየሥራቸው ሲመለሱ፣ እኔን እሑድ እሑድ ወደ በሯ ያመጣኝ አንድ ሶኬት ነው።

"አልመጣም ነበር" አልኳት።

"እኮ" አለችኝ። "ጃኬትሽን አውልቂና ተቀመጪ፣ ቆመሽ አታስደንግጫቸው።"

ጎን ለጎን ተቀመጥን። ኒዮኖቹ መጀመሪያ አንድ ጥግ ላይ ተሰበሰቡ፣ ቀጥለው ሁለቱ ወደ መሃል ሄዱ፣ የቀሩት ተከተሏቸው። ዲስከሶቹ ያን ቀን አልወጡም፣ በሚቀጥለውም ሳምንት አልወጡም። ከቱቦው ኋላ የወጡት በሦስተኛው እሑድ ነው፤ እኔም እዚያው ነበርኩ።