ዓይኔን ለአንባቢ አስተያየት ያቀረብሁበት ሳምንት

በመጀመሪያ የታየኝ ብልጭታ ነው። ከሥራ ወጥቼ በጣና ዳር በእግሬ እየሄድሁ ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ውኃው ጸጥ ብሏል። በቀኝ ዓይኔ ጥግ በኩል አንድ ሰው ፎቶ ያነሣኝ መሰለኝና ዞር አልሁ። ማንም የለም። ትንሽ ራመድ እንዳልሁ ደግሞ በራ። ሰው በድብቅ ፎቶ የሚያነሣው ዓይነት ፊት እንደሌለኝ ስለማውቅ ነገሩን ተውሁት።

ቀጥሎ ትንኞቹ መጡ። በሐይቁ ዳር በዚያ ሰዓት ትንኝ ብርቅ አይደለም፤ እጄን እያወናጨፍሁ ላባርራቸው ሞከርሁ። አልሄዱም። ድልድዩን ተሻግሬ ዓባይ ማዶ ቤቴ ስገባ አብረውኝ ገቡ። ነጩ ግድግዳ ፊት ቆሜ ዓይኔን ወደ ግራ ሳዞር ወደ ግራ ይሄዳሉ፤ ሳቆም ጥቂት ተንሳፍፈው ይቆማሉ። ቀኝ ዓይኔን ስሸፍን ጠፉ።

እዚህ ላይ ጤነኛ ሰው ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። እኔ ግን ብሎግ አለኝ።

ቀን ቀን ኮሌጅ አስተምራለሁ። በትርፍ ጊዜዬ ስለ ቴክኖሎጂና በየዕለቱ ስለሚገጥሙን ጥቃቅን እንቆቅልሾች እጽፋለሁ፦ ቻርጀር ለምን ይሞቃል፣ በባጃጅ መስታወት የሚታየው መንገድ ለምን ይንቀጠቀጣል፣ ሊፍት ውስጥ ሰው ሁሉ ለምን ወደ ላይ ያያል። አንባቢዎቼ ብዙ አይደሉም፤ ያሉት ግን አፍ አላቸው። ለእያንዳንዱ አስተያየት መልስ እጽፋለሁ። ይህን የማደርገው ከትሕትና አይደለም፤ የመጨረሻውን ቃል ለሌላ ሰው መተው ስለማልወድ ነው።

ስለዚህ «ቤት ድረስ የተከተሉኝ ትንኞች» ብዬ ጻፍሁ። ብልጭታውን ገለጽሁ፤ የትንኞቹን እንቅስቃሴ በሥዕል አስደገፍሁ፤ በመጨረሻም አንባቢው አንድ ዓይኑን ሸፍኖ ነጭ ግድግዳ እንዲያይና ያየውን እንዲነግረኝ ጠየቅሁ። ከዚያ በፊት ምንም ነገር ጽፌ ያን ያህል ሰው አንብቦልኝ አያውቅም። አገሩ ሁሉ ግድግዳ ያይ ጀመር።

አንዱ የስልክ ስክሪን ነው አለ። ሌላው «ካሮት» ብሎ ጽፎ አበቃ። አንዲት እናት ጸበል መከሩኝ፤ ጸሎታቸውንም ጨመሩልኝ። አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ሪስታርት አድርገው ሞክረዋል?» አለኝ። «በየምሽቱ እተኛለሁ፤ ጠዋት ስነሣ ያው ነው» ብዬ መለስሁለት፤ አንባቢዎች መልሴን ከእሱ ጥያቄ በላይ ወደዱት። ከሁሉ የጎዳኝ ግን ግማሽ እውነት ይዞ የመጣው ነው። አንድ የምህንድስና ተማሪ ትንኞቹ ዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲያረጅ የሚፈጥራቸው ጥላዎች መሆናቸውን፣ ሁሉም ሰው ቀስ በቀስ እንደሚያያቸውና ጉዳት እንደሌላቸው በጥሩ አማርኛ አብራራ። አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን ነው። እኔም ጽሑፉን ከሌሎቹ በላይ ሰቀልሁት።

ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ከአፍንጫዬ በኩል፣ ከታች፣ አንድ ጥላ አየሁ። አፍንጫዬ ነው ብዬ አሰብሁ። ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ አፍንጫዬን ያየሁት ዛሬ መሆኑ ደግሞ ለሁለተኛው ክፍል ጥሩ መግቢያ መስሎ ታየኝ።

በዚያው ጠዋት የወረታው ሰው ጻፈ።

በብሎጉ ላይ «የወረታው» በሚል ስም ይገባል። ስለ እሱ የማውቀው የጻፍሁትን ሁሉ እያነበበ «ተሳስተሃል» ብሎ እንደሚጀምር ነበር። ቻርጀሩ ላይ ተሳስቻለሁ፤ ሊፍቱ ላይ ተሳስቻለሁ። አሁንም እንዲህ አለ፦

«ተሳስተሃል። እኔም መጀመሪያ ብልጭታ አየሁ። ቀጥሎ ጥቀርሻ የመሰለ ነገር። ቀጥሎ መጋረጃ። የዒዱ ገበያ ይለፍ ብዬ ቆየሁ። ይህን የምጽፍልህ ባንድ ዓይኔ ነው። ጥላ መጥቶብሃል?»

«መጥቶብኛል» ብዬ መለስሁ። «ግን የእርስዎና የእኔ አንድ ነገር መሆኑን በምን እናውቃለን? ያንድ ሰው ታሪክ ማስረጃ አይሆንም።»

ወዲያው መለሰ።

«መልስ አትጻፍልኝ። ሂድ።»

ለዚህም መልስ መጻፍ ጀመርሁ። ባለቤቴ እናትነሽ ከኋላዬ ቆማ ታነብ ኖሯል። ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ ጉድለት መፈለግ ሥራዋም ተፈጥሮዋም ነው።

«ምን እየጻፍህ ነው?» አለችኝ።

«መልስ።»

«ምን ላለህ?»

«መልስ አትጻፍልኝ ላለኝ።»

«ሰውዬው ተሳስቶ ከሆነ ምን ታጣለህ?»

«ግማሽ ቀን።»

«ልክ ከሆነስ?»

«ክርክሩን» አልኋት።

ላፕቶፑን ከደነችው። «ተነሥ። የጠራሁት ባጃጅ በር ላይ ቆሟል።»

ሆስፒታሉ እዚሁ ከተማው ውስጥ ነው። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ዓይኔ ውስጥ ጨመሩብኝና አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ዓለም ሁሉ እየነጣ ሄደ። ቀጥሎ አንዲት የሬቲና ሐኪም ግንባሯ ላይ መብራት ያለበት መሣሪያ አጥልቃ፣ ሌንስ ይዛ ዓይኔ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አየች። ወደ ላይ ይመልከቱ። ወደ ቀኝ። ወደ ታች። ከዚያ ሌንሱን አስቀመጠች።

«መነጽርዎ ወፍራም ነው» አለች።

«ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«ሬቲናው፣ ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ስስ ሽፋን፣ ተቀዷል። በቀዳዳው ፈሳሽ ገብቶ ከኋላው ግድግዳ እያላቀቀው ነው። ሬቲናል ዲታችመንት ይባላል።»

«አያመኝም እኮ።»

«ሬቲና የሕመም ስሜት የለውም። ለዚህ ነው ሰው የሚዘገየው።» ወረቀት ላይ ክብ ሠርታ መሐሉን ነካች። «ይቺ ማኩላ ናት። የሚያነቡት በእሷ ነው። እስካሁን አልተላቀቀችም። ፈሳሹ ግን ጫፏ ደርሷል።»

«ከደረሰባትስ?»

«ብንሠራውም እንደ ድሮው ላያነቡበት ይችላሉ። መቼ ጀመረዎት?»

«ሳምንት ሊሆነው ነው።»

«ሳምንት ሙሉ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ጻፍሁበት።»

እናትነሽ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሐኪሟ አልሣቀችም። ቀዶ ጥገናው ነገ ጠዋት መሆኑን ነገረችኝ። እስከዚያ ድረስ እንዳልሮጥ፣ ዕቃ እንዳላነሣ፣ ባሳየችኝ ጎን እንድተኛ አዘዘች።

ቤት ገባን። ተኛሁ። ጥላው አለ። ግራ ዓይኔን እየሸፈንሁ ደጋግሜ ለካሁት። አደገ? አላደገም? አላውቅም። ከአልጋው ፊት ለፊት ባለው መደርደሪያ ላይ የመጻሕፍቱን ጀርባ በቀኝ ዓይኔ ብቻ አነበብሁ። አንዱን። ቀጣዩን። ከታች ያሉት አልታዩኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ። ምንም አልጻፍሁም።

የቀዶ ጥገናው ስም ቪትረክቶሚ ነው። የሚደነዘዘው ዓይን ብቻ ነው፤ ሰውየው ነቅቶ ይሰማል። ዓይን ውስጥ ያለውን ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣሉ። ሬቲናውን ይመልሳሉ። የቀዳዳውን ዙሪያ በሌዘር ይተኩሳሉ። ከዚያ ዓይኑን በጋዝ ይሞላሉ፤ ጋዙ ሬቲናውን እስኪጣበቅ ድረስ ደግፎ ይይዘዋል። ብርሃን አየሁ። የመሣሪያ ድምፅ ሰማሁ። ሐኪሟ አንድ ጊዜ «አይንቀሳቀሱ» አለችኝ። አልተንቀሳቀስሁም።

ሲያልቅ ሁለት ነገር አዘዘች። አንደኛው በሆዴ ተኝቼ ወይም ግንባሬን ጠረጴዛ ላይ ደፍቼ ለቀናት እንድቆይ ነው። ሁለተኛውን ቀስ ብላ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ተናገረችው፦ «ጋዙ እስኪጠፋ አውሮፕላን የለም። ደጋ መውጣትም የለም። ከፍታ ላይ ጋዙ ያብጣል፤ ያበጠ ጋዝ ዓይን ያጠፋል።» ደብረ ታቦር የእኅቴ ልጅ ሠርግ ነበረብኝ። ሠርጉ ያለ እኔ ደመቀ፤ እንዲያውም ያለ እኔ ይበልጥ መድመቁን የነገሩኝ ዘመዶች አሉ።

በግንባሩ የተደፋ ሰው የሚያየው ወለሉን ነው፤ የእኛ ሲሚንቶ ላይ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ስንጥቅ እንዳለ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ማንበብ አልችልም፤ መጻፍም አልችልም። እናትነሽ ለአንባቢዎቼ ታምሜ መታከሜን ባጭሩ አሳውቃ ነበርና አስተያየቶቹን ከራሴ በላይ ቆማ፣ በዜና አንባቢ ድምፅ ታነብልኝ ጀመር።

«አንዱ "ለላይክ ብሎ ነው፤ ምንም አልሆነም" ይላል።»

«እንዲህ ብለሽ መልሺለት…»

«አልመልስም። ቀጥሎ፣ "እግዚአብሔር ይማርዎ፤ ሲሻልዎ ስለ ራውተሩ የጀመሩትን ይጨርሱልን።"»

«ይሄኛው ጨዋ ነው።»

«ከዘንዘልማ አንድ ባለባጃጅ ደግሞ፣ "በእርስዎ ጽሑፍ ምክንያት ትንኝ አየሁ ብዬ ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ምንም የለብህም ብለው መለሱኝ። ግማሽ ቀን ሥራ ፈታሁ" ይላል።»

«ይቅርታ ጠይቂልኝ።»

«ሣቅህን ተው፣ ጀርባህ ይነቃነቃል» አለች። ቀጥላ ድምፅዋን ለወጠች። «ከማክሰኝት አንዲት መምህርት ናት። አባቷን ግድግዳው ፊት አቁማ፣ እንደ ጻፍኸው ዓይናቸውን ብታስሸፍናቸው ብልጭታ እንዳለባቸው ነገሯት። ጎንደር ወስዳ ስታስመረምራቸው ቀዳዳ ተገኘ። ሳይላቀቅ በሌዘር ተዘጋ ትላለች።»

ወለሉ ላይ ያለውን ስንጥቅ ለረጅም ጊዜ አየሁ። የመጨረሻውን ቃል ለሌላ ሰው መተው እንደሚቻል የተረዳሁት ያን ቀን ይመስለኛል።

ፋሻው ከተነሣ በኋላ በቀኝ ዓይኔ የማየው ጋዙን ብቻ ነበር፤ በመስታወት ጠርሙስ ቂጥ እንደማየት ነው። ቀናቱ ሲገፉ ከላይ በኩል ጥርት ያለ ቀጭን ሰማይ መታየት ጀመረ፤ በሰማዩና በጋዙ መካከል ያለው መስመር ስራመድ የሚናወጥ፣ ስቆም የሚረጋ፣ ከታንኳ ላይ ሆኖ የሐይቁን ጠርዝ እንደማየት ያለ ነበር፤ ውኃው በየቀኑ ዝቅ ሲል፣ መጀመሪያ የቤቱን ጣሪያ፣ ቀጥሎ የመስኮቱን ላይኛ ጫፍ፣ ቀጥሎ እናትነሽን ከግንባሯ ጀምሮ እስከ አገጯ እየመለሰልኝ ሄደ። ሐኪሟ ሬቲናው እንደተጣበቀ፣ ማኩላዋም እንደዳነች ነገረችኝ። ቀጥ ያለ መስመር ግን አሁንም አልፎ አልፎ ይጎብጥብኛል፤ ጋዙ የዓይን ሞራ ስለሚያፋጥንም ወደፊት የሞራ ቀዶ ጥገና ሳያስፈልገኝ እንደማይቀር አውቃለሁ።

የጋዙ መስመር ከወገብ በታች ሲወርድ ለወረታው ሰው ላመስግንዎ ብዬ ጻፍሁለት። «ሱቄ የታወቀ ነው፤ ሐጂ ኑርሁሴን ብለህ ጠይቅ» አለኝ። ሐኪሟን ጠየቅኋት፤ ወረታ እንደኛው የሐይቁ ሜዳ ላይ ስለሆነች፣ መንገዱም ብዙ ሽቅብ ስለማይወጣ ፈቀደችልኝ። በሚኒባስ ሄድሁ።

ጨርቅ ሻጭ ናቸው። ከጣቃዎቹ መካከል ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ግራ ዓይናቸው በዕድሜ ደክሟል፣ ቀኙ ነጣ ብሏል። እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡኝና ሁለት ጠቆር ያሉ ጣቃዎች አወረዱ።

«ግራህን ሸፍን።»

ሸፈንሁ።

«ጥቁሩ የትኛው ነው?»

አቀረብሁት፤ አራቅሁት። መስመሩ ትንሽ ተናወጠና ረጋ። «በስተቀኝ ያለው። ይሄኛው ሰማያዊ ነው።»

ሐጂ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረው ጣቃዎቹን መልሰው ሰቀሉ። «እኔ ለይቼ የማስቀምጣቸው የልጄን ሚስት ጠይቄ ነው» አሉ። ከዚያ ተቀመጡ። «በል፣ ቻርጀሩ ላይ የጻፍኸው ስሕተት ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።»

ነገሩኝ። አልተከራከርሁም። ተሳስተዋል፤ ግን አልተከራከርሁም።

አንባቢዎቼ ይህን ታሪክ የብዙኃን ጥበብ ማስረጃ ሊያደርጉት ይፈልጋሉ። አይደለም። ድምፅ ተሰጥቶበት ቢሆን ኖሮ በአብላጫ ድምፅ እታወር ነበር። አንድ ሰው ብቻ ልክ ነበር፤ እሳቸውም ልክ የሆኑት ከፍለውበት ነው። ምስጋናዬ ለእሳቸው፣ ላልሣቀችው ሐኪም፣ ላፕቶፕ ለምትከድን ሴት ነው። ጸሎት ለጨመሩልኝ እናትም፤ ጸሎቱ ባጃጁ ላይ ሳይኖርበት አልቀረም።

አሁን ለእናንተ፣ ግድግዳ ፊት ቆማችሁ ይህን ለምታነቡት። አልፎ አልፎ የሚንሳፈፍ አንድ ሁለት ነጠብጣብ ለዓመታት የኖረባችሁ ከሆነ ምናልባት ምንም አይደለም። ድንገት የመጣ ብልጭታ፣ በአንዴ የበዛ ጥቀርሻ፣ ከጎን የሚገባ ጥላ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስለማያም አትዘናጉ። ወፍራም መነጽር ያለባችሁ፣ የሞራ ቀዶ ጥገና ያደረጋችሁ፣ ዓይናችሁን የተመታችሁ ይበልጥ ተጠንቀቁ። በዚያው ቀን ሂዱ። ተራ ስትይዙ «ዓይኔን አሞኛል» አትበሉ፤ «ብልጭታና ጥላ አየሁ» በሉ፣ ብሌናችሁ ሰፍቶ ካልታየም ምርመራው አላለቀም። ጋዝ የተደረገላችሁ ከሆነ በየትኛው በኩል እንደምትተኙ፣ ወዴት መሄድ እንደሌለባችሁ ሳትጠይቁ ከክፍሉ አትውጡ።

ከዚህ ጽሑፍ ሥር የአስተያየት መስጫውን ዘግቼዋለሁ። ብሎግ ከጀመርሁ ወዲህ እንዲህ ሳደርግ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ጥላ ያየ ሰው ካለ፣ መልስ አትጻፍልኝ። ሂድ።